ችካል ከመተከሉ በፊት፦ ስለ ገጠር ቀበሌ ማዕከላት የመሬት አጠቃቀም ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣
ለወረዳ ምክር ቤት አባላት፣
ለቀበሌ አስተዳደሮችና ለቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴዎች፣

ጉዳዩ፦ በቀበሌ ማዕከላት የቤት መሥሪያ ቦታ ከመሰጠቱ በፊት ቤት የማይሠራበት መሬት ተለይቶ እንዲከለል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ፣

የቀበሌ ማዕከል እንዴት እንደሚያድግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ አስቀድመው ይሠራሉ። የጠጠር መንገዱ ሲደርስ ሁለት ሦስት ሱቅ ይከፈታል፤ ወፍጮ ቤት ይከተላል፤ መምህሩና የጤና ኤክስቴንሽኗ የሚከራዩት ክፍል ይፈልጋሉ፤ ከአባቱ መሬት ያልደረሰው ወጣት ሲያገባ ጎጆውን የሚቀልሰው እዚያው መንገድ ዳር ነው። አምስት ስድስት ክረምት ሳያልፍ ግራና ቀኙ በቆርቆሮ ይሞላል። "ፕላን ይሠራልን" የሚለው ደብዳቤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ የሚጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ባለሙያው ሲመጣም የሚቀረው ሥራ የተሠራውን ቤት ወረቀት ላይ መሣል ነው።

እኛ በመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ በቅየሳና በተፋሰስ ሥራ ላይ የቆየን ባለሙያዎች ነን። ይህን ስንጽፍ በዓይነ ኅሊናችን ያለው የአማራ ክልል ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌ ነው፤ ለቆላው የሚለወጥ ልኬት ይኖራል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም የቀበሌ ማዕከል ቀጣዩን የቤት መሥሪያ ቦታ ከመስጠቱ በፊት ቤት የማይሠራበትን መሬት ይለይ፤ በካርታ ላይ ያስምረው፤ መሬቱ ላይም ምልክት ያድርግበት። የሚሠራበትን መምረጥ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። እስካሁን የተለመደው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፦ ቦታው ይሰጣል፣ ቤቱ ይሠራል፣ ውኃው በየት ያልፍ እንደነበር በሐምሌ ይታወሳል።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ማዕከሉ በሕግ ዓይን የማንም አለመሆኑ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን፣ ወይም 2,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ከሠራተኛው ኃይል 50 በመቶው ከግብርና ውጭ የተሰማራበትን ቦታ ነው። 600 ሰው የሚኖርበት፣ አብዛኛው በሬ የሚጠምድበት ማዕከል ከዚህ ትርጉም ውጭ ነው። ስለዚህ የከተማው ባለሙያ "ገና ገጠር ነው" ይላል፤ የገጠር መሬት ባለሙያው ደግሞ ሥራው ማሳ መመዝገብ እንጂ ሱቅና ቤት ማስተካከል እንዳልሆነ ይናገራል። እንግዲህ በመካከል ቦታ የሚሰጠው ማን ነው? አንዳንድ ጊዜ የቀበሌው ካቢኔ በቃለ ጉባኤ፣ አንዳንድ ጊዜ ባለይዞታው በጓሮ ውል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨረቃዋ ራሷ። የጨረቃ ቤት የከተማ ዳርቻ በሽታ ብቻ ይመስለን ነበር፤ መንገድ የገባበት ቀበሌ ሁሉ ደርሶታል።

"ከተማ እስኪባል እንጠብቅ" የሚለው መልስ አያዋጣም። በሚባልበት ቀን የሚመጣው ፕላን መንገዱን በሰው ሳሎን ላይ ያሰምራል፤ ያኔ ከፍርስራሽ ሌላ ምርጫ የለም። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ማውጣት ግን የገጠር መሬት ሕጉ ራሱ የሚያዘው ሥራ ነው። ወረዳው በገጠር ሕግ፣ ማዕከሉ ገና ገጠር ሳለ፣ ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።

ከተዳፋቱ እንጀምር። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ቢተካም ልኬቱ ዛሬም ለሥራ ይበጃል። ችግሩ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቀው ሰው መሬቱን አለመለካቱ ነው። በመቶኛና በዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ኮሚቴን ያጣላል፦ 60 በመቶ ማለት 31 ዲግሪ ገደማ ነው። 60 ዲግሪማ ጦጣ የሚወጣው ገደል ነው።

መለኪያው እርከን የምትቀይሱበት ላይን ሌቭል፣ ማለትም ገመድ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ አረፋ ውኃ ልክ ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። እርከን ስትቀይሱ የምትጠቀሙበት 10 ሜትር ገመድ ግን ለቁልቁለት ይረዝማል፤ 60 በመቶ ላይ 6 ሜትር ቁመት ያለው እንጨት ይጠይቃችኋል። ስለዚህ ገመዱን ወደ 2 ሜትር አሳጥሩት። አንዱ ሰው የላይኛውን ጫፍ መሬት ያስነካል። ሌላው ቁልቁል ወርዶ ገመዱን ወጥሮ፣ አረፋው መሃል እስኪቆም ድረስ የራሱን ጫፍ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ጫፍ ቀጥ ብሎ እስከ መሬት ያለውን ቁመት በሜትር ለኩት። 60 ሳንቲ ሜትር ከመጣ ተዳፋቱ 30 በመቶ ነው፤ 1 ሜትር ከ20 ከመጣ 60 በመቶ። ለቤት የምንመክረው ከ15 በመቶ ያልበለጠውን ነው፤ በዚህ ገመድ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሰው ከኋላ ቆፍሮ ከፊት ይደለድላል፤ የተደለደለው ክፍል በሁለተኛው ክረምት ይሰምጥና የፊቱን ግድግዳ ይዞት ይወርዳል። ለጥ ያለ ሜዳም አይታመንም። 1 ወይም 2 በመቶ እንኳ ያላዘነበለ ቦታ ውኃውን አያስወጣም።

ከተዳፋቱ ይበልጥ የሚያታልለው አፈሩ ነው። መንገድ የሚመርጠው ሜዳውን ነው፤ በደጋው አገር ሜዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በግንቦት ሂዱና ስንጥቁን እዩት፤ እጅ የሚያስገባ ከሆነ ያ ቦታ ለቤት አይደለም። ቤቱ ከአፈሩ ጋር እየተነሣና እየተቀመጠ ሲኖር ግድግዳው ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ ይሰነጠቃል፤ በሩ አልገጥም ይላል፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ ጎኑ ይናዳል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራው ትንሽ ይለመጥና ይችለዋል፤ ብሎኬት ግን መለመጥ አያውቅም። ገንዘብ ያፈሰሰው ሰው የበለጠ የሚከስረው ለዚህ ነው።

"ተቆፍሮ ቢሞላስ?" ይባላል። ይቻላል፤ ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 6 በ8 ሜትር የሆነ ቤት 48 ካሬ ሜትር ያርፍበታል። 1 ሜትር ብቻ ቢቆፈር 48 ሜትር ኩብ ዋልካ ይወጣል፤ በምትኩ ገረጋንቲ ይገባል፤ ገረጋንቲው በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውኃ እየጠጣ መጠቅጠቅ አለበት። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና አራት ጉዞ ይፈልጋል። ይህን ለጤና ኬላ ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ አዲስ ጎጆ ለሚወጣ ወጣት ግን ከቤቱ ይልቅ መሠረቱ ሊወደድበት ነው። ያው ዋልካ ጤፍና ሽምብራ ቢዘራበት ያበላል። ቤት ሲሠራበት እህሉም ቤቱም ይጠፋል። ከሜዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ቀይ አፈር፣ ጠጠር የቀላቀለው ተረተር፣ ለእርሻ ደካማ ለቤት ግን ጠንካራ ነው። የድሮ ሰው ቤቱን ከተረተር ላይ፣ እርሻውን ከሥሩ ያደረገው ሜዳ ጠፍቶት አይደለም።

ውኃውን ለማየት ሁለት ጊዜ ሂዱ። በነሐሴ የት እንደሚተኛና በየት እንደሚሮጥ ታያላችሁ፤ በግንቦት የትኛው ምንጭ እንደቀረ ታያላችሁ። ባለሙያ በአብዛኛው የሚወጣው መንገድ በሚደርቅበት በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ያን ጊዜ የክረምት ቦይ ሁሉ ደረቅ ሣር መስሎ ይታያል፤ ሣር የመሰለውም ቦታ ይሰጣል። ቆርቆሮ ሲበዛ ደግሞ ጎርፉ ራሱ ይለወጣል። 40 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,200 ሊትር ውኃ ይፈስሳል። ሰማንያ ቤት ሲሆን 96 ሜትር ኩብ ነው፤ ያውም ከግቢውና ከመንገዱ የሚመጣውን ሳንቆጥር። ይህ ውኃ ቀድሞ ሣር ይዞት ብዙው ይሰርግ ነበር። አሁን በመንገዱ ቦይ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ይወጣና በአንድ ሰው ማሳ ላይ ይለቀቃል። ቦረቦር የሚጀምረው ከዚያች ቱቦ አፍ ነው፤ ወደ ላይ እየበላ ሲመጣ መንገዱንም ይቆርጣል። ስለዚህ የቱቦው ውኃ እስከ ወንዙ የሚወርድበት መስመር በካርታው ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠመር ይሁን። ለክረምት ቦይ ከመሃሉ ግራና ቀኝ 10 ሜትር፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚፈስ ወንዝ ከዳሩ 30 ሜትር ባዶ እንዲተው እንመክራለን። ባዶ ስንል ሣር የሚታጨድበት እንጂ ባህር ዛፍ የሚተከልበት ማለታችን አይደለም፤ ከምንጭ በላይ ያለው ዳገትም ቢያንስ 50 ሜትር ድረስ ከባህር ዛፍ፣ ከበረትና ከመጸዳጃ ነፃ ይሁን።

አሁን ወደ አንዲቱ ግቢ እንግባ። የተለመደው 300 ካሬ ሜትር፣ 12 በ25 ነው እንበል። ግቢው የገጠር ሰው ግቢ ነውና ቤትና ማድ ቤት ብቻ አይበቃውም፤ በረት አለ፣ የጭድ ክምር አለ፣ የፍግ ጉድጓድ አለ፣ መጸዳጃ አለ። መጸዳጃ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከሥሩ መሆን አለበት። የዚህ ግቢ ርዝመት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ቢለካ እንኳ 27 ሜትር ከ70 ነው። በአንድ ግቢ ሁለቱን መቆፈር አይቻልም ማለት ነው፤ ቢቻልም የጎረቤት መጸዳጃ አለ። ነገር ግን በየማዕከሉ ሰው ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ያንን ይጠጣል፤ በክረምት ልጆች ሆዳቸውን ሲታመሙ ምክንያቱ በምግብ ይሳበባል። መፍትሔው ቦታ ሲሰጥ ጀምሮ መወሰን ነው። የጋራ ውኃ ቦታ ከቤቶቹ በላይ በኩል ተከልሎ ይቀመጥ፤ በግቢ ውስጥ የመጠጥ ጉድጓድ አይፈቀድ፤ መጸዳጃው በሁሉም ግቢ ከጀርባ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን። ጀርባ ለጀርባ የተያያዙ ግቢዎች መጸዳጃቸውን በአንድ መስመር ካደረጉ ርቀቱን መቆጣጠርም ይቀላል። በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር የሚለው የገጠር ውኃ መለኪያ የሚሳካው ቤቶቹ ሲሰበሰቡ ነው። የጭዱን ክምርም አትርሱ፤ ከቤትና ከጎረቤት ክምር ካልራቀ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ረድፉን ሁሉ ያነድዳል።

ስንት መሬት ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ብዙ ስለሌለ መልሱ ሁልጊዜ "የቻለውን ያህል" ይሆናል። 120 አባወራና እማወራ ያሉበት ማዕከል በዓመት 8 አዲስ ቤት ቢፈልግ በ10 ዓመት 80 ቦታ ነው። በ300 ካሬ ሜትር 2.4 ሄክታር ይሆናል። ለውስጥ መንገድና ለቦይ የዚህን ሲሶ ጨምሩ፤ 3.2 ሄክታር ደረሰ። ለገበያ 1 ሄክታር፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ ማስፋፊያ 1.5 ሄክታር ቢያዝ ድምሩ 5.7 ሄክታር ነው። ጥማዱን በሩብ ሄክታር ካሰብነው 23 ጥማድ ገደማ። ይህ ሁሉ ወደ አንድ ቢሰበሰብ ጎንና ጎኑ 240 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ይገባል፤ መሃሉ ላይ የቆመ ሰው ከየትኛውም ቤት ተጠርቶ ይሰማል። እንደ ዛሬው በመንገዱ ዳር አንድ እዚህ አንድ እዚያ እየተባለ ከተሰጠ ግን ያው 80 ቤት ኪሎ ሜትር አልፎ ይዘረጋል፤ የውኃ ቧንቧውም የመብራት ምሰሶውም ያንን ሁሉ ይከተላል። ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ማሳ ደግሞ መውጫ ያጣል። በሬ የሚነዳበት፣ ነዶ የሚጫንበት፣ ጋሪ የሚዞርበት ቢያንስ 6 ሜትር የሆነ መተላለፊያ በየ100 ሜትሩ ካልተተወ ጎረቤት ከጎረቤት ፍርድ ቤት ይከራከራል።

ስለ መንገዱ አጭር ቃል። ሱቅ መንገድ ዳር ይፈልጋል፤ ይህን መከልከል አይቻልም። ግን ከመንገዱ መሃል 20 ሜትር ውስጥ ምንም ግንባታ አይኑር። ገበያም መንገድ ላይ አይዋል፤ የራሱ አጥር ያለው፣ ጠጠር የለበሰ፣ መጸዳጃ ያለው ቦታ ይሰጠው። መኪናው ከገበያተኛው መካከል የሚሽሎከሎክበት ማዕከል ሁሉ አንድ ቀን ሰው ይቀብራል። ወፍጮ ቤት ከጤና ኬላና ከትምህርት ቤት ይራቅ፤ ድምፁ ብቻ ሳይሆን የናፍጣ በርሜሉም ያስጨንቃል።

ካቢኔዎች ቦታ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያዩት የወሉን መሬት ነው። ካሳ አይጠይቅም፣ ባለቤት ሆኖ የሚጮህም የለም፣ በካርታ ላይም "ባዶ" ይመስላል። ባዶ አይደለም። ሁለት ሄክታር የወል ግጦሽ በቤት ሲያዝ ከብቱ ወደ ሰማይ አይሄድም፤ ወደ ተከለለው ዳገት ይወጣል። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ የሠራውን እርከን በአንድ ክረምት ያፈርሰዋል። የተፋሰስ ሥራው በአንድ ቢሮ፣ የቦታ አሰጣጡ በሌላ ቢሮ ስለሚመራ ይህን የሚያገናኘው ሰው የለም። ልመናችን የወል መሬቱ ከማንኛውም ቦታ አሰጣጥ በፊት ተለክቶ በማኅበረሰቡ ስም ካርታ እንዲወጣለት ነው። ከእሱ መቀነስ ግድ ከሆነ ለከብቱ ወደ ውኃና ወደ ቀሪው ግጦሽ የሚያደርስ ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ መንጃ አብሮ ይወሰን። ጠባብ መንጃ በኮቴ ተረግጦ ቦረቦር ለመሆን ሦስት ክረምት አይፈጅበትም።

የጓሮ ውሉን ደግሞ በስሙ እንጥራው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል፤ ስለዚህ ማንም "ሸጥኩ" ብሎ አይጽፍም። ውሉ ላይ የሚነበበው "ተበደርኩ"፣ "አከራየሁ" ወይም "ሰጠሁ" ነው። ገዢው ቤቱን ይሠራል፤ ሻጩ ሲሞት ልጆቹ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ፤ በደብተሩ ላይ የእናትየው ፎቶም ስላለበት እሷ ያልፈረመችበት ውል መና ይቀራል። ሰው ወደዚህ የሚገባው ሕግ ለመጣስ ጓጉቶ አይደለም፤ በሕጋዊው በር ቦታ የሚሰጠው ስላጣ ነው። በክልሉ የመሬት ድልድል ከተደረገበት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ሊሆን ይችላል። 80 ሕጋዊ ቦታ በየዓመቱ ስምንት ስምንት እየሆነ፣ በግልጽ ተራ፣ ሴቶችንም ባካተተ ዝርዝር ቢወጣ የጓሮው ገበያ ራሱ ይቀዘቅዛል።

ለ23ቱ ጥማድ የግል ማሳ መነካቱ ካልቀረ ሕጉን ሙሉውን አንብቡት። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው አስቀድሞ እንዲመከር፣ ምትክ መሬት ከሌለ ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ የልማት ተነሺ ካሳ እንዲከፈለው ያዛል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአማካይ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። የሚበላሸው ስሌቱ ላይ አይደለም፤ መረጃው ላይ ነው። የሦስት ዓመት ምርት የመዘገበ ስለሌለ ገማቹ በዓይኑ ይገምታል፤ ገበሬውም ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ምርቱን አሳንሶ ሲናገር የኖረ ነው፤ ካሳው በዚያው ባነሰ ቁጥር ይሰላል። ማዕከሉ ወዴት እንደሚሰፋ ዛሬ ከታወቀ በዚያ በኩል ያሉትን ማሳዎች ሰብልና ምርት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከዚህ መኸር ጀምሮ ባለይዞታውን እያስፈረመ ይመዝግብ። ምትክ መሬት ያለበት ቀበሌ ግን ገንዘቡን አያስቀድም። ጥሬ ብር ሁለት ዓመት፣ መሬት ዕድሜ ልክ።

ሥራው እንዴት ይሠራ? ብዙ ቀበሌዎች የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ሲካሄድ ከአየር ፎቶ የተሠራ ካርታ አላቸው፤ ፎቶው በወረዳው ኮምፒውተር ውስጥ ተኝቷል። በኤ1 ወረቀት ሁለት ቅጂ አትሙት። አንዱ በ1፡10,000፣ ቀበሌውን በሙሉ የሚያሳይ፤ አንድ ወረቀት 5,000 ሄክታር ገደማ ይይዛል። ሌላው በ1፡2,000፣ ማዕከሉንና ዙሪያውን 200 ሄክታር ያህል የሚያሳይ፤ በዚህኛው 1 ሳንቲ ሜትር 20 ሜትር ስለሆነ ሰው የራሱን የቤት ክዳን ለይቶ ይጠቁማል። በላዩ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ዘርጉና በቀለም ብዕር ሥሩበት፤ በሰማያዊ ውኃውን፣ በጥቁር ዋልካውን፣ በቀይ ከ15 በመቶ ያለፈውን ተዳፋት፣ በአረንጓዴ የወሉን መሬት፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የመስጊዱን ቅጥር፣ መቃብሩንና ደኑን። ከአራቱ ቀለም የተረፈው ነጭ ቦታ ለቤት የሚታጨው ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው የሚተርፈው፤ አትደንግጡ፣ የምትፈልጉት 5.7 ሄክታር ነው።

ቀለሙን የሚቀባው ግን ባለሙያው ብቻውን አይሁን። ከየጎጡ ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት ሴት፣ አንድ እረኛ ልጅ ይውጡና መሬቱን በእግር ይዙሩት። ሽማግሌው የድሮውን የጎርፍ መንገድ ያውቃል፤ በግንቦት የትኛው ምንጭ እንደማይነጥፍ የምታውቀው ውኃ የምትቀዳው ሴት ናት፤ ከብቱ በየት እንደሚያልፍ ከእረኛው የሚበልጥ የሚያውቅ የለም። ስብሰባው በገበያ ቀን፣ በዘርና በአጨዳ ወቅት አይጠራ። ረቂቁ ለ30 ቀን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቅሬታው በመዝገብ ይያዝ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ከተስማማ በኋላ የወረዳው ምክር ቤት ያጽድቀው። ካቢኔ ሲቀየር ዕቅዱ አብሮ እንዳይቀየር የምክር ቤቱ ማኅተም ያስፈልጋል።

ምልክቱንም አስቡበት። የእንጨት ችካል ሳምንት ሳይሞላው ማገዶ ይሆናል። ድንጋይ ቅበሩና ራሱን ኖራ ቀቡት፤ በመካከሉ እሬት ወይም ቃጫ ትከሉ። እሬትን ከብት አይበላውም፣ ሰውም አይነቅለውም።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። ሽማግሌ ፊት "ፕላን" ስትሉ የሚታወሰው በደርግ ጊዜ የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ሰው ከየጎጡ እየተነሣ ቤቱ በገመድ ተሰለፈ፤ እርሻው ራቀ፣ ውኃው ራቀ፣ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅም ብዙው ቤቱን ነቅሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ጥርጣሬው ትክክለኛ ነው። ስለዚህ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ ይህ ዕቅድ በጎጥ የሚኖረውን አያነሣም፤ የቆመ ቤት አያፈርስም፤ የሚገዛው አዲስ የሚሠራውን ብቻ ነው። በውኃ መሄጃ ላይ ያለ ቤት ቢኖር እንኳ ባለቤቱ ሲያድሰው ወይም ሲለቀው ይዛወር፤ በዶዘር አይሁን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ዕቅዱ እስኪጸድቅ በማዕከላት የቤት መሥሪያ ቦታ መስጠት ይቁም፤ ለዘለዓለም ሳይሆን ከአንድ ነሐሴ እስከ ቀጣዩ ግንቦት። ወረዳው በየዓመቱ መንገድ የገባላቸውን ወይም ሊገባላቸው የታቀደላቸውን ሦስት ቀበሌዎች ይምረጥና ከእነሱ ይጀምር፤ መንገድ ያልደረሰበት ቀበሌ ፋታ አለው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ቀያሽ፣ አንድ የአፈር ወይም የተፋሰስ ባለሙያና አንድ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ለ10 የመስክ ቀናት ይመደቡ፤ አምስቱ በነሐሴ፣ አምስቱ በግንቦት። ጸጥታው መስክ በማያስወጣበት ወረዳ ካርታውን ማተምና የወል መሬቱን መዝገብ ማጥራት ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ነውና እሱ ይቅደም።

ከሰላምታ ጋር፣
የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ የቅየሳና የተፋሰስ ሥራ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለወረዳ መንገድ ጽሕፈት ቤት፣ ቱቦ የሚተከልበትን ቦታ ከመወሰኑ በፊት የውኃ መውረጃውን መስመር ከዕቅዱ ላይ እንዲያይ፤
ለወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት፣ የውኃ ቦታ የሚከለልበትን ከፍታ አስቀድሞ እንዲያመለክት፤
ለመብራት አገልግሎት፣ ምሰሶ በተተወው ቦይ ላይ እንዳይተክል፤
ለየቀበሌው ዕድር ዳኞች፣ ረቂቁ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት ወር በዕድር ቀን እንዲያነቡት።